ዕዳ ጠያቂው ማስረጃውን ያምጣ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ኮሌክሽን፣ ማለትም ያልተከፈለ ዕዳ ስለሚሰበስቡ ድርጅቶች፣ ልጽፍላችሁ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በማውቃቸው ብዙ የሐበሻ ቤቶች አንድ ቀን የማይታወቅ ቁጥር ይደውላል። ደዋዩ ሙሉ ስም ይጠራል፣ የድሮ አድራሻ ይናገራል፣ ከዚያም ከብዙ ዓመት በፊት ሳይከፈል ቀርቷል ስለሚለው የስልክ፣ የሆስፒታል ወይም የክሬዲት ካርድ ዕዳ ያነሳል። «ዛሬውኑ ግማሹን ከከፈልክ ፋይሉን እንዘጋዋለን» ይላል። ሰውየውም ዴቢት ካርዱን ያወጣል።

ለምን እንደሚያወጣው ይገባኛል። እኛ ዘንድ ዕዳ የስም ጉዳይ ነው። የሰው ገንዘብ በላ ከመባል ጦም ማደርን የሚመርጡ ወላጆች ናቸው ያሳደጉን። አገር ቤት ግን አበዳሪው ጎረቤት ወይም ዘመድ ነበር፤ ብሩ ሲቆጠር ምስክር ተቀምጧል፣ ዋስ ተጠርቷል። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ጠያቂውም ከተጠያቂው ጎን ቆሞ አፍ ለአፍ ያስረዳ ነበር። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ግን አንዲት ሳንቲም አላበደረንም። ለአበዳሪ የምንሰጠውን ክብርና ኀፍረት ለእርሱ ስንሰጥ ያመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ባንኩ ወይም የስልክ ድርጅቱ ዕዳው አልመለስ ሲለው ከሺህ ሌሎች ዕዳዎች ጋር ጠቅልሎ ይሸጠዋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ትልልቆቹ ዕዳ ገዢዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ 4 ሳንቲም ያህል ብቻ ይከፍሉ እንደነበር አሳይቷል። ዕዳው ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። የሚገዙት በአብዛኛው የስም፣ የአድራሻና የገንዘብ መጠን ዝርዝር ያለበትን የኮምፒውተር ፋይል ነው፤ ዋናው ውልና የሒሳብ መግለጫ አብሮ የሚመጣው ለጥቂቱ ዕዳ ነው። ፋይሉ ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ሲዞር ደግሞ የተከፈለው ያልተከፈለ፣ የአንዱም የሌላው ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የእኛ ስም አለ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ «ተስፋዬ» በእንግሊዝኛ በሦስት አራት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። በስደተኛነት የገቡ ብዙ ወገኖቻችን የትውልድ ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ልደት፣ አንድ ዓይነት ሰፈር። የአንዱ ዕዳ በሌላው ክሬዲት ላይ ቢወድቅ ምን ይገርማል?

አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት አውቃለሁ። እንግሊዝኛ ስለሚከብዳቸው ስልኩን የሚያነጋግርላቸው ልጃቸው ነው። ልጁ አንድ ቀን «ማሚ፣ ካልከፈልሽ እስር ቤት ትገቢያለሽ እያለ ነው» አላቸው። ይህ ሕፃን ያንን ዓረፍተ ነገር ለእናቱ መተርጎም አልነበረበትም! የግል ዕዳ ባለመክፈል አሜሪካ ውስጥ እስር የለም፤ እንዲህ ብሎ ማስፈራራትም በሕግ የተከለከለ ነው። የክሬዲት ካርድ ዕዳም ግሪን ካርድ አያስነጥቅም። «እትዬ፣ ምንም አይክፈሉ፤ ወረቀት ላኩ ይበሏቸው» አልናቸው። ወረቀቱ ሲመጣ ዕዳው ስሟ ከእርሳቸው ስም ጋር የሚመሳሰል የሌላ ሴት ነበር፤ እርሳቸው በጭራሽ ኖረውበት የማያውቁት ስቴት አድራሻ ተጽፎበታል።

«ወረቀት ላኩ» ማለት መካድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ዕዳ አሰባሰብ ሕግ የሰጠን መብት ነው። ሰብሳቢው መጀመሪያ ባነጋገረን በ5 ቀን ውስጥ፣ ቀድሞ ካልሰጠን፣ የዕዳውን መጠንና አበዳሪውን የሚገልጽ ማስታወቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ያ ከደረሰን በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምን፣ ማረጋገጫ እስኪልክልን ድረስ ማስከፈሉን ማቆም አለበት። ቀኑ ቢያልፍ እንኳ ዝምታችን ዕዳውን እንዳመንን አይቆጠርም። በስልክ የተባለን ነገር በኋላ ማስረዳት ስለሚከብድ ተቃውሞውን በሪኮማንዴ፣ የመረከቢያ ፊርማ ተመላሽ በሚሆንበት መንገድ መላክ ይሻላል። የባንክ ቁጥርና ሶሻል ሴኩሪቲ ግን ለደወለ ሰው አይነገርም፤ የሌለ ዕዳ ፈጥሮ የሚደውል ሌባም ብዙ ነው።

የድሮ ዕዳ ደግሞ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ አለው። አገር ቤት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ ለሆነ ብድር የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የውል ይርጋውም በመደበኛው 10 ዓመት ነው። እዚህ እንደ ስቴቱ ይለያያል፦ ሜሪላንድና ዲሲ በተለመደው የውል ዕዳ 3 ዓመት፣ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ 4፣ ቨርጂኒያ ለተፈረመ የጽሑፍ ውል 5። ይርጋው ያለፈበትን ዕዳ ሰብሳቢው ሊጠይቅ ይችላል፤ መክሰስን ወይም እከሳለሁ ብሎ ማስፈራራትን ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 ማብቂያ ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ በግልጽ ይከለክለዋል። እባካችሁ ይህችን ልብ በሉ፦ በብዙ ስቴቶች «ለእምነት ያህል» ብላችሁ የምትከፍሏት 20 ዶላር፣ ወይም «ዕዳው የኔ ነው» ብላችሁ የምትጽፏት መስመር የሞተውን ይርጋ እንደ አዲስ ልታስጀምረው ትችላለች። ትንሽ ክፈልና እናያለን የሚሉት ለዚህም ጭምር ነው። ዕዳው ክሬዲት ሪፖርት ላይ የሚቆይበት 7 ዓመት ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ በከፊል ክፍያ አይታደስም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ዝምታ ይገድላል፤ ፍርድ ቤት። በአሜሪካ ዕዳ የማስከፈል ክሶች፣ መረጃ በተገኘባቸው ቦታዎች፣ ከመቶ ከ70 በላይ የሚሆኑት ተከሳሹ ባልቀረበበት ይወሰናሉ። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ከደመወዝ እስከ ሩቡ ድረስ ሊቆረጥ ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚመጣው ወረቀት «ዋራንት ኢን ዴት» ስለሚል የእስር ማዘዣ መስሏቸው የሚደበቁ ሰዎች አሉ። የመጥሪያ ወረቀት ነው፤ በተጻፈው ቀን ቀርቦ «ዕዳውን እቃወማለሁ» ማለት ይበቃል፣ ዳኛው የክርክር ቀን ይቆርጣል። ሜሪላንድ ላሉት መጥሪያው በደረሰ በ15 ቀን ውስጥ የመከላከያ ቅጹ ሞልቶ መመለስ አለበት። ዕዳው ይርጋ ያለፈበት ቢሆንም ራሳችን ካላነሣነው ዳኛው አያነሣልንም። እውነተኛ ዕዳ ሆኖ ከተገኘም፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ሳይመጣ ክፍያ አይላክም።

እንግሊዝኛ መጻፍ ለሚከብዳችሁ፣ ሰብሳቢዎች አሁን በብዛት የሚልኩት መደበኛ ማስታወቂያ ከግርጌው ተቆርጦ የሚመለስ ክፍል አለው። «ዕዳው የኔ አይደለም»፣ «መጠኑ ልክ አይደለም» የሚሉ ሳጥኖች አሉበት፤ ምልክት አድርጎ ኮፒውን ማስቀረትና መላክ ነው። ወረቀቱ ደርሷችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ፎቶውን ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን፤ ስትልኩ ግን ሶሻል ሴኩሪቲና የሒሳብ ቁጥራችሁን ሸፍኑ።