የበገናው ድምፅና የመሣሪያው ድምፅ

ድምፅ በባሕርዩ አላፊ ነው። ከአፍ ወይም ከክር እንደ ወጣ በአየር ላይ ተበትኖ ይጠፋል። የሰው ልጅ ይህን አላፊ ነገር ይዞ ለማቆየት ያደረገው ጥረት ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ አድርሶታል። እያንዳንዱ እርምጃ ከቀዳሚው የተሻለ አገልግሎት ቢሰጥም አንድ ችግር ግን አብሮ ኖሯል፤ ይኸውም ድምፁን የሚያሰማው መሣሪያ የራሱንም ድምፅ በጥበቡ ላይ የሚጨምር መሆኑ ነው። እንግዲህ የሙዚቃ ማጫወቻ መርጦ የሚገዛ፣ ወይም ያለውን ለማሻሻል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «የትኛው መሣሪያ ውድ ነው?» የሚለው ሳይሆን፣ «ከምሰማው ውስጥ የጥበቡ ድምፅ የትኛው ነው? የመሣሪያውስ የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

በአገራችን ይህ ጥያቄ ከግል ምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ በስሙ የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎችን አሳተመ። ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስ ኢትዮጵያም የየበኩላቸውን አበረከቱ። ከዚያ የካሴት ዘመን ተተካና ሸክላዎቹ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አቧራ ለበሱ። ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ፣ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተሰኙትን ተከታታይ ሲዲዎች ማውጣት ሲጀምር የእነዚያ ሸክላዎች ድምፅ ከተደበቀበት ወጣ። ከተከታታዩ 4ኛው የሙላቱ አስታጥቄ፣ 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና፣ 14ኛው የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን፣ 21ኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። ዛሬ አብዛኛው አድማጭ ሙዚቃን የሚሰማው ከእጅ ስልኩ በመሆኑ፣ አዲስ የሲዲ ማጫወቻ በየሱቁ እምብዛም አይታይም። ማጫወቻ የሌለው ሲዲ ግን ተራ መስተዋት ነው፤ ፊትን ያሳያል እንጂ ድምፅ አይሰጥም።

የነገሩን ክብደት በቦሌ ሚካኤል ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ኑሮ መገንዘብ ይቻላል። ቦሌ ሚካኤል ለጸጥታ የተመቸ ሰፈር አይደለም። የአየር ማረፊያው ጎረቤት በመሆኑ የአውሮፕላን ድምፅ ከኑሮው ጋር ተዋሕዷል። ማለዳ ቅዳሴውና አዛኑ፣ ቀን የታክሲ ረዳቶች ጥሪና ከሶማሊያ መጥተው በሰፈሩ የከተሙ ቤተሰቦች የሚነግዱባቸው ሱቆች ግርግር፣ ሌሊት የውሾች ጩኸት ይፈራረቁበታል። መምህሩ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለሆነች ማታ ማታ በዚያችው ሳሎን ታጠናለች። ስለዚህም መምህሩ ሙዚቃ መስማት የሚችሉት በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው።

ማጫወቻቸው ወንድማቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ከአሜሪካ ያመጣላቸው ነው። በ120 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ከአገራችን 220 ቮልት ጋር የሚያስታርቀው ትራንስፎርመር ከሥሩ ተቀምጧል። ከጊዜ በኋላ ማጫወቻው ሲዲውን እየዘለለ ማንበብ ጀመረ፤ ድምፁም የጠራ አልሆነላቸውም። መምህሩም አዲስ ለመግዛት ከጡረታ አበላቸው ላይ ጥቂት በጥቂት ማስቀመጥ ያዙ። ገንዘቡ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አንድ ማታ ልጅቱ ከጥናቷ ለማረፍ ማዳመጫውን ተቀበለቻቸውና የዓለሙ አጋን በገና ሰማች።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ተበላሽቷል፤ ይነዝራል» አለቻቸው።

መምህሩ ፈገግ ብለው አስረዷት። በገና 10 ክሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክርና ክሩ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ክሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካካ ስለሚርገበገብ ያ ነዛሪ ድምፅ ይወጣል። እንዚራው ከሌለ በገናው በገና አይሆንም። ልጅቱ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምታ ስታበቃ፣ «ታዲያ መዝሙሩ ካለቀ በኋላስ ለምን ይነዝራል?» ብላ ጠየቀች።

የልጅቱ ጥያቄ ከብዙ የንግድ ማስታወቂያ ይልቅ ጠቃሚ ነው። የበገናው ንዝረት ከክሩ ጋር ይወለዳል፤ ከክሩም ጋር ይሞታል። የመሣሪያው ንዝረት ግን በጸጥታውም ውስጥ ይቀጥላል። ማጫወቻው ለጊዜው እንዲቆም ተደርጎ ድምፁ ካልጠፋ፣ ጥፋቱ ከሲዲው አይደለም ማለት ነው። መምህሩ ይህንኑ ሞከሩ፤ ጉምጉምታው አልጠፋም። ትራንስፎርመሩን ከማጫወቻው ሥር አውጥተው ሽቦው እስከፈቀደ ድረስ ባራቁት ጊዜ ግን አብዛኛው ጠፋ። ትራንስፎርመር በዙሪያው መግነጢሳዊ ኃይል ስለሚፈጥር በአጠገቡ ባለ የድምፅ ሽቦ ላይ ጉምጉምታ ያሳድራል። በአዲስ ማጫወቻ ሊፈቱት ያሰቡት ችግር አንድ ሳንቲም ሳያስወጣ በአንድ ክንድ ርቀት ተፈታ።

ሁለተኛው ችግር መዝለሉ ነበር። ይህንን ለመረዳት ሲዲ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ይህ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዝርግ ክብ፣ ድምፅን እንደ ሸክላ በጉድጓዱ ቅርጽ አይሸከምም፤ በቁጥር ጽፎ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ሴኮንድ ድምፅ በግራና በቀኝ 44,100 ጊዜ ልኬት ይወሰዳል፤ እያንዳንዱም ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል። ቁጥሮቹ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር በሚጠመዘዝ፣ ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቀጭን መስመር ላይ ተጽፈዋል። የሚያነባቸው የሌዘር ብርሃን ነው። ቁጥሮቹ በአንድ ስፍራ ሳይታጨቁ ተበታትነው ስለተጻፉ፣ ጥቂቶቹ በጭረት ቢጠፉ ማጫወቻው ከቀሩት አስልቶ ይሞላቸዋል። የጠፋው ሲበዛ ግን በግምት ይሞላል፤ ግምቱም ሲያቅተው ይዘልላል ወይም ዝም ይላል።

ስለሆነም ሲዲ ሲጠረግ በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ነው እንጂ በክብ አይደለም። በክብ የሚሄድ ጭረት የጽሑፉን መስመር ተከትሎ ብዙ ቁጥር በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ሥዕልና ርእስ የታተመበት ገጽ ከሚያብረቀርቀው ገጽ ይልቅ ስስ ነው፤ ጽሑፉ የተቀመጠው ከዚያ ሥር በመሆኑ በብዕር መጫን ወይም መፋቅ አይገባም። መምህሩ ሲዲዎቻቸውን በዚህ ዓይነት ከጠረጉ በኋላ ማጫወቻውን መርካቶ ለሚገኝ አንድ ጠጋኝ ወሰዱት። ጠጋኙ ከፍቶ ተመለከተና፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ዓይኑን ነው አቧራ የጋረደው» አላቸው። የሌዘሩን ሌንስ ጠርጎ በመጠነኛ ዋጋ መለሰላቸው። መዝለሉም ቆመ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ ጤነኛውን ማጫወቻ ጥለው ሌላ ቢገዙ ኖሮ ከአቧራው ጋር እንደገና በአዲስ መተዋወቃቸው አይቀርም ነበር።

ታዲያ የተጠራቀመው ገንዘብ ለምን ይዋል? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሰፈሩ ነው። የጆሮ ማዳመጫ በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ነው። ክፍት የሚባለው ከጀርባው አየር የሚያስገባ ሲሆን ድምፁ ሰፊና ተፈጥሮአዊ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የውጭውን ድምፅ ሁሉ ያስገባል፤ የውስጡንም ያስወጣል። ዝግ የሚባለው ጆሮን ከብቦ ስለሚሸፍን ድምፁ ትንሽ የታፈነ ቢመስልም ከውጭው ዓለም ይጋርዳል። የመምህሩ ማዳመጫ ክፍት ነበር። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ፤ አውሮፕላኑ ሲያልፍ ዝቅ ማድረጉን ይዘነጉታል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል መጠን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳያዳምጥ ይመክራል፤ መጠኑ ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ይቀንሳል። በዕድሜ ምክንያት አስቀድሞ የሚደክመው የቀጭን ድምፅ መስሚያችን ነው፤ የእንዚራው ጥራት ደግሞ ከዚያው ክልል ብዙ ይወስዳል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ብሂል ለሌላ ጉዳይ የተነገረ ቢሆንም እዚህም ይሠራል፤ ጆሮ ሲጎዳ ለባለቤቱ አይነግርም። ማጫወቻ ይለወጣል፤ ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም። መምህሩ ከገንዘባቸው የሚበዛውን ለአንድ ደህና ዝግ ማዳመጫ ያዋሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ማዳመጫ ሲመረጥ መልኩና ስሙ ብቻ አይታይም። እያንዳንዱ ማዳመጫ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ በኦም ይለካል። 32 ኦም የሆነው በማጫወቻው በራሱ ሶኬት በቀላሉ ይነዳል፤ 300 ኦም የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። አምፕሊፋየር የሌለው ሰው ከባዱን ማዳመጫ ገዝቶ ማጫወቻውን ደካማ ነው ብሎ ቢወቅስ፣ በሬውን ሳይመለከት ቀንበር እንደ ገዛ ገበሬ ይሆናል። መምህሩ ቀለል ያለውን መረጡ።

የማጫወቻው ተራ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያገለገለ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጀርባውን ገልብጦ ቮልቱን ያንብብ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት ነውና። ቀጥሎም የዲጂታል መውጫ ያለው መሆኑን ይመልከት። ይህ መውጫ ካለ፣ ወደፊት ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጥ የተሻለ መሣሪያ ለብቻው ገዝቶ በመቀጠል አሮጌውን ማጫወቻ በአንባቢነት ማቆየት ይቻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ መሣሪያም እንዲሁ በየተራ ይሻሻላል። ሦስተኛም ከቤቱ ሲዲዎች መካከል አንዱን ኦሪጅናል፣ አንዱንም በኮምፒዩተር የተቀዳ ይዞ ሄዶ እዚያው ሱቁ ውስጥ ያስሞክር፤ የቆዩ ማጫወቻዎች የተቀዳውን ላያነቡ ይችላሉና። የተቀዳው ሲዲ ብርሃን የሚመልሰው ከኦሪጅናሉ ባነሰ መጠን ነው። ለከያኒው የሚመልሰው ደግሞ ምንም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና የተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠብቀውም ይህንኑ የከያኒውን ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሙዚቃችን በሠርግ፣ በአውደ ዓመት፣ በአዝማሪ ቤት በአንድነት የሚሰማ ሆኖ ሳለ፣ እያንዳንዱ ሰው ጆሮውን ሸፍኖ ለብቻው እንዲሰማ ማበረታታት ከማኅበራዊ ኑሯችን ጋር አይጋጭምን? ጥያቄው በጅምላ የሚመለስ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን ሲያሰማ፣ ጥበቡ የተወለደው ከአደባባይ ነውና ለብቻ መስማት የሚያጎድለው ነገር አለ። በገና ግን በዐቢይ ጾም በእልፍኝ ውስጥ፣ ነፍስ ከራሷ ጋር ስትነጋገር የሚደረደር መሣሪያ ነው። ለእንዲህ ያለው ጥበብ የጆሮ ማዳመጫ እልፍኝ ነው፤ እልፍኝ ለሌለው የከተማ ነዋሪም ብቸኛው እልፍኝ እርሱ ሊሆን ይችላል። በቦሌ ሚካኤሉ ቤት ደግሞ በአንድ ሶኬት ላይ ሁለት ማዳመጫ የሚሰካበት ርካሽ ማከፋፈያ ስለ ተገኘ፣ አሮጌው ክፍት ማዳመጫ ለልጅቱ ሆኗል። ጥናቷን ስትጨርስ ከአያቷ ጋር አንድ ሲዲ ትሰማለች። አሁን የእንዚራውን ድምፅ ለይታ ታውቃለች።

ከዚህ የግለሰብ ቤት ወደ ጋራው ጉዳይ ስናልፍ ብዙ የሚሠራ ሥራ ይታያል። በየትምህርት ቤቱና በየሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የማንበቢያ ጠረጴዛ አለ፤ የማድመጫ ጠረጴዛ ግን ብርቅ ነው። አንድ የተጠገነ ማጫወቻ፣ አንድ ማከፋፈያ፣ አራት ዝግ ማዳመጫዎችና በአግባቡ የተያዙ ጥቂት ሲዲዎች የአንድን ክፍል ተማሪዎች በየተራ የዓለሙ አጋን ጣቶችና የእማሆይን ፒያኖ ያስተዋውቃሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2023 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ጌታቸው መኩሪያም ቀደም ብሎ አልፏል። ተማሪዎቹ እነርሱን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ብቻ ነው። የባህል ዘርፍ ኃላፊዎች፣ ርእሳነ መምህራንና የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ የበዓል ዝግጅት የድምፅ ማጉያ ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ቢያሰሉት መልካም ነው። መሣሪያው ከተገኘ በኋላም ተማሪው አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው፣ ሲዲው ሲቆም የሚቀረውን ድምፅ ሲዲው ሲጫወት ከሚሰማው ለይቶ ማወቅን ነው።