ስለ ሲንጋፖር አረንጓዴ ኬክና ስለ ምግብነቱ

በማላያ ልሳነ ምድር ጫፍ፥ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ሰሜን፥ ሲንጋፖር የምትባል ደሴት አለች። ስታምፎርድ ራፍልስ የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1819 ዓ.ም. የንግድ ወደብ ካቆመባት ጀምሮ የቻይና፥ የማላይና የህንድ ሰዎች እየመጡ ተቀመጡባት፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ራሷን የቻለች መንግሥት ሆነች። የምግቧም ነገር እንደ ሕዝቧ ከየአገሩ የተሰበሰበ ነው።

ወደዚህች ከተማ የሄደ መንገደኛ ዓይኑን ከሚስቡት ነገሮች አንዱ በየዳቦ ቤቱ መስታወት ውስጥ የሚታየው አረንጓዴ ኬክ ነው። መልኩ እንደ ክረምት ሣር የለመለመ፥ ገላው እንደ ሰፍነግ የሳሳ፥ መካከሉም እንደ ቀለበት ክፍት ነው። በቻንጊ አውሮፕላን ጣቢያም ተጓዦች ለዘመድ ስጦታ ይሆናቸው ዘንድ ገዝተው ይዘውት ይሄዳሉ።

አረንጓዴነቱና መዓዛው የሚገኘው ፓንዳን ከሚባል፥ እንደ ሰይፍ ረዝሞ ከጠበበ ቅጠል ነው። ቅጠሉን ከትፈው ከጥቂት ውሃ ጋራ ይፈጩና በጨርቅ ይጨምቁታል፤ ጭማቂው በቀዝቃዛ ቦታ ያደረ እንደ ሆነ ደማቁ አረንጓዴ ከታች ይዘቅጣል፥ ለኬኩም የሚፈለገው ይኸው ዝቃጭ ነው። ሊቃውንት እንደ መረመሩት ዋናው የመዓዛው ነገር በባስማቲ ሩዝ ውስጥ ከሚገኘው ጋራ አንድ ነው። በአገራችን ድፎ ዳቦ የሚጋግሩ እመቤቶች የኮባን ቅጠል ሥራ ያውቃሉ፤ ቅጠሉ ለዳቦው ሽታውን ይሰጠዋል እንጂ ራሱ አይበላም። የፓንዳንም ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የኬኩ አሠራር ግን ከሩቅ የመጣ ነው። በቅቤ ፈንታ ዘይት ጨምሮ፥ የእንቁላሉን ነጭ ለብቻው አረፋ እስኪሆን መትቶ መጋገርን በ1927 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ያወጣው ሃሪ ቤከር የሚባል አሜሪካዊ ነው። እርሱም ምስጢሩን ሃያ ዓመት ያህል ጠብቆ ከቆየ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ለዱቄት ኩባንያ ሸጠው። የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሰዎችም በዚህ አሠራር ላይ የአገራቸውን ፓንዳንና የኮኮናት ወተት ጨመሩበት።

እንግዲህ ብዙ ሰው አረንጓዴ ሲያይ ጎመን ያየ ይመስለዋልና፥ እናትም ለልጇ ደጋግማ ብትሰጥ የምትጠቅመው ይመስላታልና፥ ነገሩን በሚዛን ማየት ይገባል። አንዱን ኬክ 100 ግራም ዱቄት፥ 120 ግራም ስኳር፥ 5 እንቁላል፥ 60 ግራም ዘይትና 100 ግራም የኮኮናት ወተት ጨምረው ጋግረው ከ10 ቢከፍሉት፥ አንዱ ቁራሽ 190 ካሎሪ ያህል፥ 4 ግራም ፕሮቲንና 12 ግራም የተጨመረ ስኳር ይደርሰዋል። ፕሮቲኑ አብዛኛው ከእንቁላሉ ነው። የኮኮናቱ ስብ ግን እንደ ቅቤ የሚረጋ ዓይነት ስለ ሆነ፥ ቢበዛ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ከቅጠሉ የገባው ጥቂት ማንኪያ ጭማቂ ብቻ ስለ ሆነ የጎመንን ጥቅም አይተካም፤ አሰሩም በጨርቁ ላይ ቀርቷል። አንዳንዱ ጋጋሪ ደግሞ መልኩን ለማድመቅ የፋብሪካ ቀለም ይጨምርበታል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው እንዲህ ያለው ስኳር ከ50 ግራም እንዳያልፍ፥ ወደ 25 ግራም ቢወርድም የተሻለ እንደ ሆነ አስታውቋል። እንግዲያስ ሁለት ቁራሽ የበላ ሰው የተሻለውን ልክ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም፤ የሕፃን ልክ ደግሞ ከዚህ ያንሳል።

ይህ ነገር ለሲንጋፖር ቀላል አይደለም። የጤና ሚኒስቴሩ በ2016 ዓ.ም. በስኳር በሽታ ላይ ጦርነት ባወጀ ጊዜ፥ ከ400,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ በሽታ ይኖሩ እንደ ነበር ተነግሯል። ከ2022 ዓ.ም. መጨረሻም ጀምሮ የታሸጉ መጠጦች እንደ ስኳራቸውና እንደሚረጋ ስባቸው መጠን ከኤ እስከ ዲ በፊደል ደረጃ ወጣላቸው።

ይህን ማለታችን ኬኩን ለመከልከል አይደለም። በበዓል ቀን አንዲት ስስ ቁራሽ ስኳር ከሌለው ሻይ ጋራ ቢቀምሱት ደስ የሚያሰኝ ምግብ ነው። የፓንዳንን መዓዛ የወደደም ሰው ስኳር ሳይጨምር ሊያገኘው ይችላል፤ የአገሩ ሰዎች ቅጠሉን ቋጥረው ከሩዝ ጋራ ይቀቅሉታልና። የቤት እመቤት ሆይ፥ በችሎት እንኳ የምስክር ቃል ሳይመረመር ፍርድ አይሰጥም፤ የምግብም ቀለም አንድ ምስክር ነውና፥ ለልጆችሽ ከመቁረስሽ በፊት በውስጡ የገባውን መርምሪ።