ሰፊ ጎማ፣ ጠባብ ፓራፋንጎ

ከናይሮቢ ሰፊ ጎማ አስገጥመን የተመለስን ሰሞን ሞያሌ ያሉ ወዳጆቻችን መኪናዋን ዞረው ዞረው አይተው «አሁን ገና መኪና ሆነች» አሉን። እኛም ደስ አለን። ዛሬ ስናስበው ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር። የድሮው ጎማ ገና ግማሽ ዕድሜው ይቀረዋል፤ ለጭነቱም ለመንገዱም በቂ ነበር።

ይህን የምንጽፈው በዚህ መስመር የሚመላለሱ ብዙ ወገኖች ይህንኑ ሲያስቡ ስለምንሰማ ነው። ሰፊ ጎማ አትግጠሙ አንልም። ዛሬም የምንነዳው ፋብሪካው ከገጠመው ሰፋ ያለ ነው። ግን እንዴት እንደሚለካ የተማርነው ከአንድ ክፉ ምሽት በኋላ ነው።

ባልና ሚስት ነን። አንዳችን መሪ፣ አንዳችን ሒሳብ እንይዛለን። ከሐዋሳ በርበሬ፣ ሽሮና የሐበሻ ቀሚስ ጭነን ኢስሊ ላሉ ደንበኞቻችን እናደርሳለን፤ ስንመለስ ልብስና ጫማ እንይዛለን። መኪናችን በሁለት ዙር እቁብ የተገዛች ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ከእሷ ሌላ ካፒታል የለንም።

ይዛ የመጣችው ጎማ 265/65 አር 17 ነበር። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። የገዛነው 285/70 አር 17 ነው። በወሬ ሲሰማ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሲሰላ ግን የድሮው ጎማ ከላይ እስከ ታች ወደ 776 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ ወደ 831 ነው። ከአክሱ ወደ ላይ ብቻ 27 ሚሊ ሜትር ጨመርን ማለት ነው። የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል፤ 100 ሲል በእውነት 107 እየሄዳችሁ ነው።

ከጎማው ጋር ቸርኬም ገዛን። እዚህ ላይ ነው ያልገባን ነገር የነበረው። በቸርኬ ጀርባ ኢቲ ተብሎ የሚጻፍ ቁጥር አለ። ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት ፊት ከወርዱ መሐል ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ ይናገራል። የኛ የድሮው 30 ነበር፤ አዲሱ 0። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር በቸርኬው፣ 10 ደግሞ በጎማው ስፋት፣ በድምሩ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ከድሮው ቦታ ወደ ውጭ ወጣን። ሻጩ «ከውስጥ በኩል እንዲያውም ይርቃል» አለን፤ እውነቱን ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር ርቋል። በውጭ በኩል ስላለው ግን እሱም አላነሳም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ፉንዲው ገጥሞ ግቢው ውስጥ መሪውን ግራና ቀኝ ጨርሶ አዞረ። ፊት ለፊት ትንሽ ሲነካ የውስጡን ፕላስቲክ በቢላ ቆረጠና «ሃኩና ሺዳ» አለን። ችግር የለም። ባዶ መኪና ነበረች፣ እውነትም ችግር አልነበረም። ሞያሌ ድረስ ሰላም ገባን።

ሞያሌ ሁልጊዜ የሚሠሩልን ሽማግሌ ጎሚስታ አሉ። አይተው ብዙ አልተናገሩም።

«ልጆቼ፣ ጭናችሁ አይታችኋታል?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ገና አልገጠማችሁም» አሉን። ሳቅን።

ቀጣዩ ጉዞ ለፋሲካ የታዘዘ በርበሬ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ልጃችንንም ይዘናት ወጣን። ወረቀታችንን ጨርሰን ድንበሩን ያለፍነው ከሰዓት በኋላ ነው። ቱርቢን አልፈን ዲዳ ገልገሉ በረሃ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አስፋልቱ ዝቅ ብሎ በሚነሣበት ቦታ ሁሉ ከኋላ «ገርር» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጭነቱ ነው የሚንሸራተተው ብለን አለፍነው። ልጃችን ከኋላ ወንበር «የሆነ ነገር ይሸታል» አለች። ተኚ አልናት። ደግማ አለች። ተኚ አልናት። ሦስተኛ ስትለን ለእኛም ሸተተን፤ የሚቃጠል ጎማ ነው።

ወርደን አየን። የኋላው ቀኝ ጎማ ትከሻው ዙሪያውን ተፍቆ ክሩ ወጥቷል። የፓራፋንጎው የታችኛው ጠርዝ፣ ላሜራው፣ እንደተሳለ ቢላ ያብረቀርቃል። ጎማው እጅ አያስጠጋም። በዚያ ፍጥነት ቢፈነዳ ኖሮ ልጃችን የተቀመጠችው ከእሱ ፊት ነው። ሁለታችንም ይህን አሰብን፣ ሁለታችንም አልተናገርነውም።

ስኮርታው የድሮው ልክ ነው፤ አዲሱ ከካሶኔው ሥር አልገባ ብሎ ትተነው ነበር። እሱን ከኋላ ልንገጥም ስንል አንድ የአይሱዙ ሹፌር፣ የሀገራችን ልጅ፣ መኪናውን አቁሞ ወረደ። «ተዉ፣ ከኋላ አታድርጉት» አለን። የሚገፋው የኋላው አክስ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ካልሆኑ ዲፈረንሻሉ ሳያርፍ እየተፋጨ ይሄዳል። ከፊት አንዱን ትልቅ ጎማ ፈትተን ወደ ኋላ ወሰድን፣ ትንሹን ከፊት ገጠምን፤ የፊቱን ማርሽ እንዳናስገባም አስጠነቀቀን። ትልቁ ጎማ በጭነት እንደገና መነካቱ ስለማይቀር ስምንት ጆንያ አውርዶ በራሱ መኪና ጫነልን። በ40 እየተጎተትን ማርሳቢት ሌሊት ገባን። ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ፤ «ልጅቷን አስተኟት» ብሎን ሄደ።

የድሮ ጎማዎቻችን ሞያሌ ዘመድ ቤት ነበሩ። በጭነት መኪና አስልከን ቀይረን ናይሮቢ ስንደርስ ሁለት ቀን ዘግይተን ነበር። ትልቁ ደንበኛችን በርበሬውን ከሌላ ገዝቷል።

ስንመለስ ወደ ጋሼ ሄድን። «ነግሬያችሁ ነበር» አላሉንም። ሰፊዎቹን ጎማዎች መልሰው ገጠሙና «አሁን እንያት» አሉን። የምንጭነውን ያህል ክብደት አስጫኑን። መኪናዋ ስትጫን ባሌስትራው ይተኛል፣ ፓራፋንጎው ወደ ጎማው ይወርዳል፤ ባዶዋን አራት ጣት የሚያስገባው ክፍተት ተጭና አንድ ጣት አላስገባም። ከዚያ የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን ጠመኔ ቀቡት። አንዱን ጎማ ድንጋይ ላይ አስወጥተው፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንድንነዳ አደረጉ። ጠመኔው የተወበት ቦታ ሁሉ የሚነካበት ቦታ ነው። ፊት ለፊት ሁለት ቦታ ተገኘ፤ ከመከላከያው ጥግና ከፓራፋንጎው የኋላ ጠርዝ። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር መሪ ሲዞር የሚጠርገው ክብ ይሰፋል፤ ለዚያ ነው በውስጥ በኩል ርቆ ከፊትና ከኋላ የነካው። ዳዶውንም አዩት። የድሮው ቸርኬ ዳዶ ጠፍጣፋ ማረፊያ ያለው ነው፤ አዲሱ ቸርኬ ሾጣጣ ይፈልጋል። በድሮው ነበር ያሰሩልን።

ምን ይሻላል አልናቸው። ባሌስትራ ቢጨመር? መኪናዋን ያነሣታል፣ ግን ጉድጓድ ስትገባ ጎማው ያው እስከ ላይ ይወጣል። የመሪው ማቆሚያ ቢስተካከል? መንካቱ ይቀራል፣ ግን ለመዞር ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች። ላሜራው ቢቆረጥ? «ቆርጬ ዝገት ልሸጥላችሁ?» አሉን። በቸርኬና በሀብ መሐል የሚገባው ስፔሰርማ ጭራሽ ወደ ውጭ ነው የሚገፋው።

በመጨረሻ በድሮው ቸርኬ ላይ 275/65 አር 17 ገጠምን። በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ሰፋ፣ ወደ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ጨመረ። ጠመኔውን ደገምነው፤ ተጭና፣ ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ መሪው ዞሮ የትም አልነካም። ሰፊዎቹን ቸርኬዎች የገዛንበትን ግማሽ እንኳ ሳናገኝ ሸጥናቸው። ለገዛው ሰው ግን ኢቲው ስንት እንደሆነና ተጭና መፈተን እንዳለባት ነግረነዋል።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱን ጎማዎች አስሉ፣ የሁለቱንም ቸርኬ ኢቲ አንብቡ፣ ጭናችሁም ክፍተቱን ለኩ። ስኮርታው እኩል ይሁን። ከተገጠመ በኋላ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ዳዶውን እንደገና አጥብቁ።

አሁን ሐዋሳ ጭነን ስንጨርስ፣ ከመነሣታችን በፊት ልጃችን ካለች እጇን በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል ታስገባለች። ትናንሽ ጣቶች ናቸው፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ እናስለካታለን፤ አንዴ በእሷ፣ አንዴ በእኛ። መንገድ ላይ ይሸታል ካለችን ግን አንዴ በቂ ነው፤ እናቆማለን።