የተሸናፊው ግንብ

በዛሬዋ ጃፓን፣ በኦኪናዋ ደሴት፣ ካትሱሬን የሚባል የፈረሰ ግንብ አለ። የመጨረሻው ጌታ አማዋሪ የርዩክዩ ንጉሥ የሾ ታይክዩ አማች ነበር፤ በ1458 እ.ኤ.አ. በዚሁ በአማቱ ጦር ተደመሰሰ። ኋላ የተጻፈው የቤተ መንግሥት ታሪክ ታዲያ «ከሐዲ» ብሎት አረፈ! «ኦሞሮ ሶሺ» በተባለው የጥንት መዝሙሮች መድበል ግን ይወደሳል። ከፍርስራሹ የተቆፈረው የቻይና ሸክላም ግንቡ በባሕር ንግድ የበለጸገ እንደነበር ይመሰክራል፤ የሮማ ሳንቲም ሳይቀር ተገኝቶበታል።

እኛ እጩ መምህራን እንዲህ ያለ ታሪክ ክፍል ውስጥ እንዴት ይነገር በሚለው ሳንስማማ አመሸን። ገሚሶቻችን የቤተ መንግሥቱ መጽሐፍ ይበቃል አልን። የቀረነው ደግሞ መዝሙሩም ሸክላውም ሰሌዳው ላይ ይውጣ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይሟገቱበት ባዮች ነን። የታሪክ መምህሮቻችንስ ምን ይሉን ይሆን?