የ1978ቱ የገና ወራት

የከተማ ሰው የገና ጨዋታን የአንድ ቀን ነገር አድርጎ ያየዋል። ለልደት ጃንሜዳ ላይ ጥቂት ሰዎች ዱላ ይዘው ሲሯሯጡ ያያል፤ በማግስቱ ይረሳዋል። እኔ ባደግሁበት በመንዝ ጌራ ምድር ግን ገና ወራት ነበረው። ገብሱ ታጭዶ ተወቅቶ መስኩ ሲለቀቅ፣ ብዙ ጊዜ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ይጀመር ነበር። በየእሑዱና በየበዓሉ እየከረረ ሄዶ ታኅሣሥ 29 ይደመደም ነበር። የላይ አገርና የታች አገር ሰው ማን ማንን እንደረታ፣ ማን እንደተጎዳ፣ የማን ልጅ እንደጎበዘ እየቆጠረ የሚከርመው በእነዚያ ሳምንታት ነበር።

በ1977 አልተጫወትንም። የ1976 ክረምት ከድቶን በመንዝና ግሼ አውራጃ ረሃብ ገብቶ ነበር። ለልደት ዕለት አባቴ የዕርዳታ ስንዴ ሊቀበል ተሰልፎ ነው የዋለው። በግ የነበረው በጉን፣ በሬ የነበረው በሬውን አጣ። ከጎረቤቶቻችን መካከል ቤታቸውን ዘግተው ለሰፈራ የወጡ ነበሩ። በዚያ ላይ በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ጉልበት ያለው ወጣት በየዙሩ ይሄድ ነበር። በቀጣዩ ክረምት ዝናቡ ተመለሰ፤ ገብሱም ስስ ቢሆንም አፈራ። ኅዳር ላይ፣ አዝመራው ገና አውድማ ላይ ሳለ፣ የእኛ የላይ አገሮች የገና አባት፣ የቡድኑ መሪ ማለት ነው፣ በየቤቱ እየዞረ ተጫዋች መለመለ።

እኛ ቤት ሲመጣ አባቴ ደጅ ላይ ጠፍር ይፍቅ ነበር።

«አያዬ፣ ልጁን ስጠኝ» አለው።

«ምኑን ልስጥህ? ሥጋ የለውም እኮ።»

«እግር አለው፤ ይበቃኛል።»

አባቴ ሳቀ። ዓመቱን ሙሉ ሲስቅ ስላላየሁት ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ዱላዬን የሠራልኝም ያው የገና አባት ነው። ከቆላው አፋፍ ያስመጣውን እርጥብ ወይራ ረመጥ ውስጥ ቀብሮ አሞቀው፤ ከዚያ ጉልበቱን ተደግፎ ጫፉን ቀስ እያለ አጎበጠና በጠፍር ወጥሮ አሰረው። እንደታሰረ ከምድጃው በላይ ሰቅለን ጢስ አጠጣነው። ጠፍሩ ሲፈታ ጉብጠቱ እንዳለ ቀረ። የምንመታው ኳስ፣ እሩሩ፣ ከዛፍ ሥር የተጠረበ ነው፤ ጭብጥ ያክላል፣ እንደ ድንጋይም ይከብዳል። ቁርጭምጭሚት ላይ ያረፈ እንደሆነ ሰውየው ያለ ምርኩዝ ከቤት አይወጣም።

ታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድበት ወር ነው። ያለንበት ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። በባዶ እግር ስንረግጠው ይቆራርጠናል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስላለ ትልልቆቹ የሚጫወቱት እየጾሙ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ መልስ በርኖሳቸውን ጥለው ይገባሉ፤ ጨዋታው ሲያበቃ ቆሎና ጠላ ይቀርባል። ከዚያ ሁሉ ርሃብ በኋላ እየጾሙ እንዴት እንደሚሮጡ ሳስበው አሁንም ይደንቀኛል።

ሜዳው መስመር አልነበረውም። በላይ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በታች በኩል ወንዙ ነው ወሰኑ። እሩሩን ቅጥሩ ሥር ካደረሱት ለታች አገሮች ይቆጠራል፤ ወንዙን ካሻገርነው ለእኛ። መሐል ላይ ሁለቱ አባቶች ዱላ አጋጥመው ያስጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ትከሻ ለትከሻ፣ ጉልበት ለጉልበት ነው። በገና ጨዋታ በደረሰ ቁስል ማንም አይከሰስም፣ ካሣም አይጠየቅበትም። ደም መመለስን ጠንቅቆ በሚያውቅ አገር ይህ ቀላል ሕግ አይደለም፤ ሲጣስ ግን አላየሁም።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ስንሰለፍ እኛ አነስን። ከሰፈራና ከውትድርና የተረፍነው በዕድሜ ልጆችና ጎልማሶች ነበርን። እነሱ ደልደል ያሉ ናቸው። የታች አገሩ አባት አንድ በአንድ ቆጠረን፣ ዝም ብሎ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ራሱ ሰዎች ዞሮ «ሦስታችሁ ወደዚያ እለፉ» አለ። ከሦስቱ አንዱ ወጠምሻ ጎረምሳ ነበር። ታላቅ ወንድሙ እዚያው ታች አገር ቀረ። ያንን ቀን ጎረምሳው እሩሩን ከጎልማሶቹ እግር ሥር እየነጠቀ፣ ቁልቁል እየነዳ ወስዶ የገዛ አገሩን ወንዝ አሻገረው። የታች አገር ሴቶች «ወይኔ ልጄ!» ሲሉ ሰማሁ፤ ግማሾቹ ግን እልል ይሉ ነበር።

ማታውን ክርክር ተነሣ። ጎረምሳው ለልደት የየትኛው ወገን ይሁን? ታች አገሮች ልጃችንን መልሱ አሉ። ሁለቱ የገና አባቶች አስታራቂ ሽማግሌ ፊት ቀረቡ፤ ሽማግሌውም ወራቱን ከየትኛው ወገን ጋር እንደያዘ ከዚያው ጋር ይጨርስ ብለው ፈረዱ፤ ጎረምሳውም እኛ ዘንድ ቀረ።

ዛሬ የገና ጨዋታ በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር ሕግ ወጥቶለታል። የተሰመረ ሜዳ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ ዳኛም አለው፤ ክልሎችም ይወዳደሩበታል። ይህ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ ባይሆን ኖሮ ጨዋታው በብዙ ቦታ ጠፍቶ ነበር። ግን ለጥቂት ቀን ተሰብስቦ ዋንጫ ወስዶ የሚበተን ቡድን ሰው ማበደርን ከየት ይማራል? የአገራችን ወረዳዎች፣ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ፣ ቀያና ግሼ፣ ከኅዳር እስከ ልደት በየቀበሌው ቢገናኙ፣ አሸናፊው ወደሚቀጥለው ወረዳ ቢሻገር፣ ወራቱ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ሜዳው እንደሆነ አለ፤ ወይራውም ከቆላው አፋፍ አልጠፋም።

በዚያ በ1978 ልደት ማክሰኞ ዋለ። ከቅዳሴ መልስ ጾም ተፈትቶ ነበርና ትንሽም ቢሆን ሥጋ የቀመሰው ሰው ድምፁ ራሱ ተለውጧል። ከሰዓት በኋላ ገባን። ሁለቱ ወንድማማቾች ጨዋታው ከተጀመረበት ጊዜ ጀምሮ አንዱ ሌላውን ለቅቆት አያውቅም። በመሐሉ የታላቁ ዱላ ስቶ የታናሹን ቅንድብ ሰነጠቀው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነበር። ታላቁ ዱላውን ጥሎ ሮጠና በነጠላው ጫፍ ጠረገው፤ ከዚያ «ተነሥ፣ አልጨረስንም» አለው። ታናሹ ተነሥቶ ገባ። ሁለት ለሁለት ሆነን ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ እሱ ከግርግሩ አውጥቶ ያቀበለኝን እሩር ቁልቁለቱ ላይ መታሁት። ውኃው ሲረጭ ነው መሻገሩን ያወቅሁት።

እንደ ልማዱ አሸናፊዎቹ እየዘፈንን፣ ተሸናፊውን እየሰደብን በየደጃፉ ዞርን። በዚያ ዕለት፣ በድሮው ዘመን፣ ባላባትም ቢሰደብ አይቀየምም ነበር። የወንድማማቾቹ እናት ደጅ ስንደርስ እትዬ ወገባቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«ረቺውም ተረቺውም የኔ ልጅ ነው፤ እንግዲህ ማንን ልትሰድቡ ነው?» አሉ።

የገና አባታችን መልስ አጣ። እትዬ ሳቁና ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠመቁትን ጠላ በእንስራ አወጡልን። ታላቁ ልጅ በግራው የወንድሙን ትከሻ ይዞ በቀኙ ይቀዳ ነበር፤ እኛም ጠጥተን ስንነሣ ታች አገርን እየሰደብን ወደሚቀጥለው ቤት አለፍን።