የማይከራይ ሰርግ

የዚህን ዓመት የሰርግ ቪዲዮ አንዱን አምጡና ድምፁን ዝጉት። ከዚያ የሙሽሮቹን ፊት በሌሎች ሙሽሮች ፊት ተኩት። የተለወጠ ነገር አለ? ምንም! አበባ የተለጠፈባቸው መኪኖች አደባባዩን እያስጮሁ ይዞራሉ። አንድ ዓይነት ሱፍ የለበሱ 4 ሚዜዎች አንድ ዓይነት መነጽር አድርገው ተሰልፈው ይራመዳሉ። ፓርክ ውስጥ ካሜራማኑ «ግንባር ለግንባር ግጠሙ… አሁን ሳቁ… አይ፣ እንደገና!» ይላል። አዳራሹ በር ላይ ጭስ ይለቀቃል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ሻምፓኝ ይከፈታል። ዲጄው ማንም ሰው ጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋር እንዳያወራ አድርጎ ሙዚቃውን ይለቀዋል። በማግስቱ ካባ ተለብሶ መልስ ይሆናል። አለቀ!

ይኼን የምለው የሰው ሰርግ ለማማት ብቻ አይደለም። እኔም ላገባ ነው። እኔና እጮኛዬ 2 ዓመት ሙሉ ከደመወዛችን እየቆነጠርን ያጠራቀምናት ገንዘብ አለችን። ሄደን ያየነው አዳራሽ የአንድ ቀን ኪራይ ብቻውን የምንገባባትን ቤት የ9 ወር ኪራይ ይውጣል። ምግቡ፣ መጠጡና ዲኮሩ ገና አልተነሳም። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ አለች፤ ልጇ መራመድ ጀምሯል፣ የሰርጓ ብድር ግን አልተከፈለም። ባልና ሚስቱ ሰርጋቸውን የሚያስታውሱት ደመወዝ በወጣ ቁጥር ነው። የማይረሳ ሰርግ ማለት ይኼ ከሆነ ባፍንጫዬ ይውጣ።

«ለየት ያለ ሰርግ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ሌላ የሚከራይ ነገር ፍለጋ ነው። ሊሞዚን ብርቅ በነበረበት ጊዜ ባለሱቁ ሚዛኑን ጥሎ ወጥቶ ያያት ነበር። ዛሬ የታክሲው ሹፌር «መንገድ ዘጋችሁብን!» ብሎ ጥሩምባ ይነፋባታል። በፈረስ የሚጎተት ሰረገላ መጣ፤ ተለመደ። ነጭ ርግብ ማብረር መጣ፤ እሱም ተለመደ። አሁን ደግሞ ከላይ ሆኖ የሚቀርጽ ድሮን ነው። ችግሩ ግልጽ ይመስለኛል። እናንተ ዛሬ የተከራያችሁትን የሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላው ይከራየዋል። ለየት ማለት የፈለገ ሰው የማይከራየውን ቢፈልግ ነው የሚሻለው።

እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ይኼን ለማወቅ ሰሞኑን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «የማትረሳው ሰርግ የቱ ነው?» እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ (ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው አመሉ ነው)። አዳራሽ ያነሳልኝ አንድ ሰው አልነበረም።

እናቴ የነገረችኝ የታላቅ እህቷን ሰርግ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ደርግ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሰዓት እላፊ አለ። ጨዋታው ደርቶ ሳይታወቅ ሰዓቱ አለፈ። ማን ወጥቶ ይሂድ? እንግዳው በሙሉ እዚያው አደረ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንኳን ውስጥ፣ ሕፃናቱ በሙሽሮቹ አልጋ ላይ፣ ሙሽሮቹ ደግሞ ከእንግዶቹ ጋር ሲጫወቱ ነጋ። ጠዋት ለሁሉም ገንፎ ተገነፋ። ይኼው ከ40 ዓመት በኋላ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይወራል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ያገባው ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ላይ ነው። ኮሮና ገብቶ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ወር። የተበተነው ካርድ ሁሉ ከንቱ ቀረ። ሙሽሮቹ በአንዲት መኪና ወደ ቤታቸው ሲገቡ ግን ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ቆሞ እልል አለላቸው። «መንገዱን ሙሉ እልልታው እየተቀባበለ አደረሰን» ይላል፤ ዛሬም ሲያወራው ፊቱ ይበራል።

በእነዚህ ሰርጎች ላይ እንግዳው ተመልካች አልነበረም። አንዱ አድሮ አነጋ፣ ሌላው ከበሩ ላይ እልል አለ። ሰው ደግሞ አጨብጭቦ ከወጣበት ሰርግ ይልቅ እጁን ያስገባበትን ያስታውሳል። የኔ ሐሳቦች በሙሉ ከዚህ የወጡ ናቸው። ዜና መጻፍ ስንማር መጀመሪያ የነገሩን ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን፣ እንዴት እና ለምን የሚሉትን ጥያቄዎች ነው። ለሰርግም ሳይሠሩ አይቀሩም።

ማን?

«50 የቅርብ ሰው ብቻ ጥሩ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ የኔን አባት ለማያውቅ። አባቴ ደብተር አለው። ማን ልጁን ሲድር እንደጠራው፣ የት ሄዶ እንደበላ፣ ማን መልስ ላይ እንደጠራው፣ ሁሉም ተጽፏል። የ50 ሰው ዝርዝሬን ሳሳየው ዝም ብሎ አየውና «ልጄ፣ እኔ 30 ዓመት የሰው ሰርግ በልቼ አንቺን ደብቄ ልዳርሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለእሱ የእንግዳው ብዛት ጉራ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ያንን ዕዳ ሳይከፍል ነገ በሰፈሩ ቀና ብሎ መሄድ ይከብደዋል።

ስለዚህ ያቀረብኩት ሐሳብ ሰርጉን ለሁለት መክፈል ነው። አንዱ ቀን ለ50ዎቹ፣ ሌላው ቀን ለሰፈሩ። ለሰፈሩ ቀን አዳራሽ አያስፈልግም። እድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት አለው። ቡና ይፈላል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። ጥሪው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፤ «የራስዎን የሰርግ ፎቶ ይዘው ይምጡ»። ፎቶዎቹ ከድንኳኑ ግድግዳ ላይ በገመድ ይሰቀላሉ። እነዚያ አፍሮ ያበጠሩ፣ ሰፊ ሱሪ የለበሱ ሙሽሮች ዛሬ የእድሩ ዳኛና ገንዘብ ያዥ መሆናቸውን ሰው እየሳቀ ሲለይ አስቡት። የትኛው ዲኮር ቤት ነው ይኼን የሚያከራየው?

እናቴ ግን «በለቅሶ ድንኳን ልትዳሪ ነው?» አለች። ድንኳኑ ምን አጠፋ? አያታችንን ስንቀብር አብረውን የተቀመጡት ሰዎች በደስታችንም እዚያው ወንበር ላይ ቢቀመጡ ምን ነውር አለው?

መቼ?

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ሰርግ የለም። ስለዚህ ኦርቶዶክሱ ከጥምቀት በኋላ ጥር ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይረባረባል። ሙስሊም ጓደኞቻችንም ረመዳን እስኪወጣ ይጠብቃሉ። በነዚያ ሳምንታት አንድ ሰው በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሰርግ ይጠራና አንዱ ጋ ምሳ፣ አንዱ ጋ ኬክ፣ አንዱ ጋ «መጥቻለሁ ለመባል ብቻ» ይደርሳል። ሰው በሩጫ ከመጣበት ሰርግ ምን ያስታውሳል?

መስከረም መጨረሻን አስቡት እስቲ። ዝናቡ ወጥቷል፣ መስቀል አልፏል፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ዲኮር ቤት ሳይከፈለው ሀገሩ ራሱ አጊጧል። ሰዓቱንም መለወጥ ይቻላል። ተክሊል የሚያደርሱ ሙሽሮች ከቅዳሴ ሲወጡ ገና ጠዋት ነው። ለምን የቁርስ ሰርግ አይሆንም? ጨጨብሳ፣ ቅንጬ፣ የጾም ካልሆነ ዱለት፣ ከዚያ ቡና። ስድስት ሰዓት ላይ እንግዳው ጠግቦ፣ ስቆና መርቆ ቤቱ ይገባል። ሙሽሮቹም አንድ ቀን ሙሉ ቆመው እግራቸው ሳያብጥ ጫጉላቸውን ይጀምራሉ።

የት?

የፎቶ ፓርክ ፋሽኑ ይለዋወጣል። የእናቶቻችን ፎቶ ብሔረ ጽጌ ነው። አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ቬሎው ሁሉ ወደዚያ ወጣ። ቦታዎቹ ያምራሉ፤ ክርክር የለኝም። ግን የናንተ ታሪክ እዚያ ነው የተጀመረው? እኔና እጮኛዬ የተዋወቅነው 4 ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሊሞዚኑ ቀርቶ ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስ በአበባ አስጊጠን እዚያው ሰልፉ ጋ እንነሳለን። ሚዜው በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሰርግ፣ ሰርግ፣ ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። የናንተ መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተነሱ። የሠፈር ኳስ ሜዳ ከሆነም አቧራው ምንም አይላችሁም።

ምን?

መጀመሪያ ልብስ። «ቬሎ» የሚለው ቃል ራሱ የጣልያን ነው፤ ዓይነ ርግብ ማለት ነው። ነጭ የሙሽራ ቀሚስንም በአውሮፓ ፋሽን ያደረገችው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ በ1840 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስታገባ። እኛ ነጭ ለመልበስ ቪክቶሪያን መጠበቅ አላስፈለገንም። ሽሮ ሜዳ ከሸማኔው ጋር ቁጭ ብላችሁ ጥለቱን አብራችሁ ምረጡ። ሥራው ጊዜ ስለሚወስድ ግን ወራት አስቀድማችሁ ሂዱ። እኔ ያሰብኩት የአያቴን የድሮ ነጠላ ጥለት ቆርጦ በቀሚሴ እጅጌ ላይ ማስገባት ነው። የኪራይ ቬሎ ሰኞ ይመለሳል፤ ይኼ ግን ጥምቀትም ይለበሳል፣ ነገ ልጄም ትወስደዋለች።

ቀጥሎ ምግብ። የእጮኛዬ እናት ጉራጌ፣ የኔ እናት ጎንደሬ ናቸው። አንድ ዓይነት ቡፌ ከማዘዝ ይልቅ እያንዳንዷ አክስት የምትታወቅበትን አንድ ምግብ ብትሠራና ድስቱ ላይ ስሟ ቢጻፍስ? የማን ክትፎ፣ የማን ዶሮ፣ የማን አይብ እንደሆነ ይታወቃል። እንግዳው እየዞረ ያወዳድራል፣ ይከራከራል፣ ይሟገታል። ዶሮዋ ያለቀላት አክስት የሙሽራዋን ያህል ትኮራለች። (ዶሮዋ ያላለቀላት እንዳትቀየመኝ ካሁኑ ሥጋት አለኝ።)

እንዴት?

ዲጄው ለአንድ ሰዓት ይረፍና አዝማሪ ይግባ። አዝማሪ ከመድረክ ላይ ዘፍኖ የሚወርድ ሰው አይደለም፤ ግጥም ይቀበላል። የሙሽራው አጎት አንድ ስንኝ ይወረውራል፣ የሙሽራዋ አክስት ትመልሳለች፣ ማሲንቆው ሁለቱንም ያዜማል። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ሰዓት እንዲህ የሚተዋወቅበት ሌላ መንገድ አላውቅም።

ቪዲዮውም ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ካሜራው በየጠረጴዛው እየዞረ «መልእክት አለዎት?» ሲል ሁሉም «መልካም ጋብቻ» ይላል። በዚህ ፈንታ ጸጥ ባለ ጥግ አንድ መቅረጫ ይቀመጥና ያገቡ እንግዶች አንድ ጥያቄ ይጠየቁ፤ «ከባልዎ ወይም ከሚስትዎ ጋር መጀመሪያ የተጣላችሁት በምን ነበር? ማን አስታረቃችሁ?» ከዚህ የሚወጣው ነገር ከኬክ አቆራረሱ ይልቅ ለሙሽሮች ይጠቅማል።

ደግሞ ምርቃት። አያቴ 80ን አልፋለች። ስትመርቅ ድምፅዋ ቀስ ይላል፤ ዲጄው እያለ ማንም አይሰማትም። በኔ ሰርግ ማይኩ መጀመሪያ የሚሰጠው ለእሷ ነው፤ ምርቃቷም በድምፅ ይቀረጻል። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይኼኛው እንዲቀርብኝ አልፈልግም።

ለምን?

በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ ተመልከቱት። ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሊፈጸም ይችላል ይላል። ዕድሜ 18 መሙላትን ይጠይቃል፣ የሁለቱን ነፃ ፈቃድ ይጠይቃል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲሆን ከሙሽራው ወገን 2፣ ከሙሽራዋም ወገን 2 ምስክሮች ይፈልጋል። አዳራሽ አይልም፤ ኬክ አይልም፤ ጭስም አይልም። የቀረውን የጨመርነው እኛው ነን። እኛ የጨመርነውን ደግሞ እኛው መምረጥ እንችላለን።

ስለዚህ ልታገቡ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ጥያቄ አቅርቡለት። የሚቀጥለው ሳምንት ሙሽሮች ይኼንኑ ሊከራዩት ይችላሉ? እንግዳውስ በዚህ ነገር ላይ ምን ድርሻ አለው? መልሱ «ይችላሉ» እና «ምንም» ከሆነ ከዝርዝሩ ላይ ሰርዙት፤ ገንዘቡ ለቤት ኪራይ ይሆናችኋል።

የኔ ጉዳይ ገና በድርድር ላይ ነው። አባቴ ድንኳኑንና ፎቶዎቹን ወዷቸዋል፤ የእሱና የእናቴ ፎቶ የት እንደሚሰቀል ሁሉ መርጧል። የ50 ሰዎቹን ቀን ግን «አንሷል» እያለ ከደብተሩ 30 ስም ጨምሮብኛል። ባለፈው እሁድ ሦስት ሽማግሌ ላኩበት። ሽማግሌዎቹ ምሳ በልተው፣ ቡና ጠጥተው፣ የራሳቸውንም ስም አስጽፈው ተመለሱ። አሁን ዝርዝሩ 83 ደርሷል።