አምስት እንስራ

ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ጎህ ሊቀድ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እስራኤል ውስጥ ካለችው ከቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና እስከ ሰፈራችን ያለውን መንገድ እግሬ በጨለማም ያውቀዋል። ከኋላዬ የኢንቴል ቺፕ ፋብሪካ መብራቶች እንደበሩ አድረዋል፣ ከፊቴ ደግሞ ከሕንፃው ሁሉ የእኛ ቤት መስኮት ብቻውን በርቷል። በሩን ቀስ ብዬ ስከፍት ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ተንተርሳ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። አጠገቧ እናቴ፣ ሰማንያን የተሻገረችው እናቴ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች።

«እማዬ፣ ምነው ሳትተኚ?»

«መብራት እየጠበቅኩላት።»

የኤሌክትሪክ መብራት ጠባቂ አይፈልግም። ግን ይህን ቃል ስሰማ ሳቄ ከየት መጣ ሳልለው አመለጠኝ፤ እሷም ወዲያው ገባትና ሳቀች። ልጅቷን እንዳንቀሰቅሳት ብለን የነጠላዋን ጫፍ አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ አፋችን ላይ ይዘን ትከሻችን እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን። ትዝ ያለን ኩራዙ ነው!

ሰኔ 1981 ዓ.ም.፣ ጎንደር ገጠር፣ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር። ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ነው፤ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልፈተን ነው። ሚኒስትሪ! ቃሉን ዛሬም ስጠራው ልቤ ዘለል ትላለች። በታሸገ ፖስታ የሚመጣ ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ የሚለጠፍበት ካርድ፣ ከሀ እስከ መ የተደረደረ ምርጫ! ለፎቶው ብለን ከአባቴ ጋር ጎንደር ከተማ ድረስ በእግር ሄድን። ፎቶ አንሺው «አፍሽን ግጠሚ» ቢለኝም ጥርሴ አልከደን አለኝ። በዚያ ሰሞን የማያስቀኝ ነገር አልነበረም፤ መንገዱም፣ የከተማው ውሻም፣ አባቴ ለከተማ ብሎ የደፋው ባርኔጣም ያስቀኝ ነበር።

አባቴ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቴ እንስራና ምጣድ የምትሠራ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። ታዲያ ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ ለተፈታኝ ልጅ ምን ይሆናታል? ኧረ ስንት ነገር! አባቴ የማረሻውን ዋጋ ለነጭ ጋዝ አዋለው። ማታ ማታ ከጎኔ ቁጭ ብሎ የኩራዙን ክር እንዳይጨስ ይከረክማል፤ ነፋስ ሲመጣ በመዳፉ ይጋርዳል። ምን እንደማነብ አያውቅም። ገጹን ስገልጥ ግን እሱም «እሰይ!» ይላል፤ አንድ እርሻ የታረሰ ያህል ደስ እያለው።

የእናቴ ግን ከሁሉም ይብሳል። ወደ ምንጩ ከመንደሩ ቁልቁል ይወረዳል፤ ሲመለሱ ዳገቱ ይወጣል። ጠዋትና ማታ እንስራ አዝሎ ውሃ መቅዳት የእኔ ሥራ ነበር። ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው አንድ ማለዳ ተነስቼ እጄን ወደ እንስራው ስዘረጋ ቦታው ባዶ ነው። ወጥቼ ባይ እናቴ ማንገቻውን ደረቷ ላይ አስራ፣ ጎንበስ ብላ ዳገቱን እየወጣች ነው። ሮጬ አወረድኩላትና «ለምን?» አልኳት።

«የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ክብደቱን አውቀዋለሁ» አለችኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ፈተናው ድረስ አንድ ጠብታ ውሃ አልቀዳሁም! የመንደሩ ልጃገረዶች እንደ ንጉሥ ልጅ ያዩኝ ነበር። የፈተናው ቀን ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ አባቴ ደግሞ ከፈተናው ትምህርት ቤት አጥር ውጭ ዛፍ ሥር ቀኑን ሙሉ ቆየ። ስወጣ «ስንት ሳትሽ?» አላለኝም፤ «ቆሎው በቃሽ?» ነው ያለኝ። ውጤቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ መጣ። ማለፌን ስትሰማ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጭቃ በነካው እጇ ጉንጬን ስትይዘኝ ሁለት ቀይ መዳፍ ፊቴ ላይ ቀረ፤ እኔም እስከ ማታ ሳልታጠበው ዋልኩ!

ያቺን የምስክር ወረቀት ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ነው ወደ እስራኤል የመጣሁት። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲጓጓዝ፣ ብዙ ሰው እንዲይዙ ወንበራቸው በተነቀለ አውሮፕላኖች ወለል ላይ ተጠጋግተን ስንቀመጥ፣ ዕቃ የሚባል ነገር አልያዝንም። እኔ ግን ወረቀቴን በየደቂቃው እዳስሳት ነበር።

እንደ አብዛኛው የእኔ ዕድሜ ልጅ ፕኒሚያ፣ ማለትም አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። ወላጆቼ በመጀመሪያ ካራቫን ሰፈር፣ ኋላ እዚህ ቂርያት ጋት ሰፈሩ። ውሃው በቧንቧ መጣ፣ እንስራው ቀረ ብለን ነበር። ለካ እንስራው መልኩን ለውጦ ተከትሎናል! ዓርብ ዓርብ ከአዳሪ ቤት ስመጣ ከሰንበቱ ዳቦ አጠገብ የደብዳቤ ክምር ይጠብቀኛል፤ የባንክ፣ የመብራት፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የጤና መድን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ መመለስ አለብኝ። ሐኪም ቤትም አስተርጓሚዋ እኔ፣ የታናሽ ወንድሜ የወላጆች ስብሰባ ላይም አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

የመጨረሻው ዓመት ባግሩት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና፣ ሲደርስ አንድ ዓርብ ገብቼ ባይ ጠረጴዛው ላይ ዳቦው ብቻ አለ።

«ደብዳቤዎቹስ?»

«ዘንድሮ ደብዳቤ የለም» አለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

ፈተናው ካለቀ በኋላ ከአልጋ ሥር የጫማ ካርቶን ሙሉ ደብዳቤ አገኘሁ! አስቸኳይ የመሰላትን ዕብራይስጥ ለምታውቅ ጎረቤት ስትወስድ፣ በምላሹ እንጀራ ስትጋግርላት ነው የከረመችው። ደግማ እንስራውን ከጀርባዬ አውርዳልኝ ነበር፤ ያውም ቋንቋውን በማታውቀው አገር!

ከዚያ በኋላ ለአንድ ክረምት ብዬ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ልብስ ስፌት ገባሁ፣ ክረምቱም ዓመታት ሆነ። በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ዓይኔ ሥር ተለወጠች። ፖልጋት የሚባለው የታወቀ የጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋ። የሱጋት ስኳር ግን ዛሬም ከዚሁ ይወጣል፣ በየቤታችን ቡና ላይ ይጣፍጣል። በዚያው አቆጣጠር በ1999 ኢንቴል የመጀመሪያውን የቂርያት ጋት ፋብሪካ ከፈተ፤ በ2008 ፋብ 28 የሚባለው ሥራ ጀመረ። እኔ ዛሬ ምግብ ማሸጊያ ውስጥ ነኝ። ሌሊት ለዕረፍት ስወጣ የቺፕ ፋብሪካውን መብራት እያየሁ ልጄን አስባለሁ።

ልጄ! አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሒሳብ የምትፈተነው አምስት የሂዶት ነው። እዚህ ሒሳብ በክብደቱ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት የሂዶት፣ ማለትም የትምህርት ክፍል፣ ተብሎ ይመደባል፤ አምስቱ ከባዱ ነው፣ በሁለት ፈተና ተከፍሎ ይወሰዳል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ እስከ 35 ነጥብ ጉርሻ ይጨምራሉ። ለእናቴ ይህን ላስረዳት ስሞክር ልጄ ቀደመችኝ።

«እማማ፣ የሂዳ ማለት አንድ እንስራ በይው። አንዳንዱ ሦስት ይሸከማል፣ አንዳንዱ አራት። እኔ አምስት።»

እናቴ ብድግ አለች። «አምስት እንስራ? በአንድ ጀርባ? ማን ነው የጫነባት?»

እኔና ልጄ በሳቅ ወደቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን ጥያቄው አላለፈም። በእውነት ማን ነው የጫነባት?

ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ ብሏት፣ ሆዷን እየቆረጣት ከርማ ነበር። ለካ ሒሳቡ ብቻ አልነበረም። ሠርግ ስንሄድ ዘመድ ሁሉ «አምስት የሂዶት ነሽ አሉ! ኢንቴል ትገቢያለሽ!» ይላታል። በሲግድ በዓል ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይኸው ነው። እኔ ራሴ ከመስኮት ያንን መብራት እያሳየሁ «ያ ያንቺ ነው» ብያታለሁ። በፍቅር ነበር ሁላችንም የምንጭነው። አንድ ማታ እያለቀሰች «ብወድቅ እኮ ሁላችሁም ትወድቃላችሁ» አለችኝ።

ያኔ ነው እንስራው የታየኝ! በማግስቱ ስልኬን አንስቼ ለአክስቶቿ፣ ለአጎቶቿ፣ እንደ ሥጋ ዘመድ ለሚቀርቧት ጎረቤቶች ሁሉ በየተራ ደወልኩ። «እስከ ሐምሌ ድረስ ስለ ፈተና አንድ ቃል እንዳትጠይቋት! ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ወጥ፣ ስለ ፀጉሯ ጠይቋት!» ለፈተናው ሳምንት ፈረቃዬን ከባልደረባዬ ጋር ተቀያየርኩ። ለሐኪም ቀጠሮ እናቴን ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ጤና መድኑ ክሊኒክ፣ የምትወስዳት ልጄ ነበረች፤ አሁን እኔ ወሰድኳት። የትምህርት ቤቱ አማካሪ «ያጠናችው የሚረጋው ስትተኛ ነው» ስላለችን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ስልኩም ደብተሩም ወጥ ቤት ያድራሉ ተባባልን። ጠረጴዛ ላይ ማንቀላፋቱ በዚያው አበቃ።

ደግሞ ስንት ማስታገሻ አለ በዚህ ዘመን! ሚኒስትሪን የወደቀ ልጅ ዓመቱን ይደግም ነበር። እዚህ ማለፊያው 55 ነው፤ ማጌን የሚባል የትምህርት ቤቱ የራሱ ውጤትም ከፈተናው ጋር ይደመራል፤ በጋውም ሳያልቅ ሞኤድ ቤት፣ ሁለተኛ ዕድል አለ። «ልጄ፣ ሁለተኛ ዕድል በሕግ ተጽፎልሻል!» ብዬ አቅፌ ስጨፍር እሷም ሳቀች፤ ካለቀሰችበት ማታ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው።

የልጅነት ጓደኛዬ፣ ያኔ አብራኝ ውሃ የምትቀዳው፣ ጎንደር ነው የምትኖረው። የእሷም ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እዚያው እያደሩ መፈተን ጀመሩ፤ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የወላጆች ልብ ከዚያ ወዲህ በእጃቸው ነው። ጓደኛዬ በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፦ «ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ ግቢው በር ድረስ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲያ እግዜር ነው።» ቆሎው! ከዚያም ከዚህም ያው ቆሎ! ድምፅዋን ደጋግሜ እየሰማሁ እንባና ሳቅ ተደባለቀብኝ።

ከሁሉ በላይ ያስፈነደቀኝን ልንገራችሁ። እዚህ አገር አማርኛም የባግሩት ትምህርት ነው! ልጄ እሱንም ልትፈተን ተመዝግባለች። እናቴ፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ፣ አስተማሪ ሆነች! ማታ ማታ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ ተረትና ምሳሌ ትጠራለች፣ አንዷ ትጽፋለች። አንድ ማታ እናቴ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለች። ልጄ ጻፈችውና እስክሪብቶዋን ይዛ ቆየች። «እማማ፣ ይሄ ስለ አምስት የሂዶት ነው እንዴ?» አለቻት።

የሒሳቡ ፈተና ቀን ጠዋት እንቁላል ጠበስኩላት፤ እናቴ ደግሞ በፕላስቲክ ዕቃ ቆሎ ሞላችላት። እኔም እንደ አባቴ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ዛፍ ሥር ቆሜ ልጠብቃት አሰብኩና ተውኩት፤ እሷ ከጓደኞቿ ጋር መውጣት ትፈልጋለች። እቤት ሆኜ ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ያለ ልክ ከተፍኩ፤ ለሠርግ የሚበቃ!

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ውጤቱ ገና ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ስልኳ ላይ ይመጣል። አፌ ላይ የደረሰውን ጥያቄ ዋጥኩና «ቆሎው በቃሽ?» አልኳት። «ለጓደኞቼም በቃ!» አለችና ሳቀች።

እናቴ ግን ከወንበሯ ተነስታ ከልጅቷ ኋላ ዞራ ነበር። ሁለት እጇን ከቦርሳው ሥር አስገብታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከዳገት የመጣችን ልጅ እንስራ እንደምታወርድ «ቀስ፣ ቀስ» እያለች ቦርሳውን ከጀርባዋ አወረደችላት። ልጄም ገብቷት ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ጠበቀቻት።

ወለሉ ላይ ሲያርፍ ከፈትኩት። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ማስሊያ፣ ባዶ የቆሎ ዕቃ፣ ግማሽ የተጠጣ የውሃ ኮዳ።